አሻጥረኛው ዳገት

እናንተ የደሴ ሰዎች ድሬዳዋን እንደማታዩአት አውቃለሁ። እናታችን ከኮምቦልቻ ወዲያ ያለውን አገር ሁሉ «በረሃ» ብላ ዘግታዋለች፤ ወንድሜም ከእሷ አይሻልም። ስለዚህ የሄድኩበትን መንገድ ከነአቧራው ልጽፍላችሁ ተቀመጥኩ። ስመለስ «እንዴት ነበር?» ስትሉኝ «ደህና» ያልኳችሁ ውሸቴን ነው። ተናድጄ ስለነበር አፌን ብከፍት ማቆሚያ አይኖረኝም ብዬ ፈራሁ። ንዴቱ ዛሬም አልበረደልኝም።

ሰኞ ጠዋት ከለገሃር በባቡር ተነሳሁ። መሥሪያ ቤቴ ያዘዘኝ በአጭሩ ነው። ድሬዳዋ አጠገብ፣ ከቢዮ አዋሌ ወዲያ፣ ለአዲስ መንደር የተመረጠ ቦታ አለ፤ ሂጂና መሬቱ ምን ዓይነት እንደሆነ አጣርተሽ ተመለሺ። የመንደር ምሥረታው ዘመቻ ሐረርጌን ከዳር እስከ ዳር ያመሰበት ክረምት ነበር። ገበሬው ከየጎጆው እየተነሳ በመስመር ስፈር ሲባል የመሬት ባለሙያን የጠየቀ ሰው መገኘቱ ገርሞኝ ነበር፤ እንዲያውም ደስ ብሎኝ ነበር። ጅልነቴ ከዚህ ይጀምራል።

ባቡሩ እንደኛ አገር አውቶቡስ አይደለም። የኛ አውቶቡስ ገደል ሲያይ ቀስ ይላል፣ ሹፌሩም ያማትባል፤ ይኼኛው ሜዳ ላይ ያለምክንያት ቆሞ ያለምክንያት ይሄዳል። መስኮቱ አይዘጋም፤ አቧራው ጉሮሮ ውስጥ ይገባል። አዋሽ ላይ ወርደን ፓስታ በላን። ወደ ባቡሩ ስመለስ አንድ ፈታሽ ቦርሳዬን ዘርግፎ መዶሻዬን ይዞ ቆሟል።

«ይሄ ምንድን ነው?»

«መዶሻ።»

«ለምን?»

«ድንጋይ ልሰብርበት።»

«አዲስ አበባ ድንጋይ ጠፋ?» አለኝ፤ ሰው ሁሉ ሳቀ። እኔ አልሳቅሁም። መዶሻውን በብብቱ ይዞ ሊሄድ ሲል ከፊት ለፊቴ የተቀመጠች ወፍራም ሴትዮ ብድግ አለች። በሶማልኛ ጀመረችው፣ በኦሮምኛ ቀጠለችበት፣ በአማርኛ ጨረሰችው፦ «አቦ፣ ስጣት! የሰው እቃ ነው! አንተ ድንጋይ ትሰብራለህ እንዴ?» ሰውዬው መዶሻውን ጭኔ ላይ ጥሎ ሄደ። ሴትዮዋ ስሟ ሐዋ ነው፤ መጋላ በሚባለው የድሬዳዋ ሰፈር ሱቅ አላት። ሰው ሁሉ ኢዶ ሐዋ ይላታል፤ ኢዶ በሶማልኛ አክስት ማለት ነው።

ማክሰኞ ድሬዳዋ ገባን። ሙቀቱን እንዴት ልንገራችሁ? እሳት ላይ የተጣደ ምጣድ ክዳን ስትከፍቱ ፊታችሁን የሚመታው ወላፈን አለ አይደል፣ እዚያ ቀኑን ሙሉ ክዳኑ ክፍት ነው። የታዘዘልኝ ሆቴል ስደርስ «ከላይ የመጡ ጓዶች ይዘውታል» ተባልኩ። «እኔስ ከታች ነው የመጣሁት?» ብዬ ጮህኩ። የእንግዳ ተቀባዩ ጥፋት እንዳልሆነ እያወቅሁ እሱ ላይ ጮህኩ። ስወጣ ኢዶ ሐዋ እቃዋን ያስጫነችበት ጋሪ በር ላይ ቆሟል፤ «ነይ፣ ጋሪው ላይ ውጪ» አለችኝ። ፈረሱ ደቻቱ የሚሉትን ወንዝ በድልድዩ አሻግሮ መጋላ አስገባን። ድልድዩ ሥር ውኃ ስፈልግ አሸዋና ፍየል ብቻ አየሁ። ቦርከናን የለመደ ሰው ይህን ወንዝ ለማለት ይቸገራል።

የኢዶ ሐዋ ቤት ጠባብ መተላለፊያ ውስጥ ነው፤ ግቢው ግን ይነፍሳል። ያን ከባድ ካኪ ሱሪዬን አስወልቃ ድሪያ የሚሉትን ስስ ሰፊ ቀሚስ አለበሰችኝ። ምሳ ሩዝ በፍየል ሥጋ ቀረበ፤ ሩዙ ላይ ደግሞ ያልተላጠ ሙዝ አስቀመጡልኝ። ለኋላ የሚበላ መስሎኝ ወደ ጎን ሳደርገው ግቢው በሳቅ ፈረሰ። ሙዙ ከሩዙ ጋር እየተቆረሰ የሚበላ ነው። ደሴ ይህን ብናደርግ ሰው ጠበል ይወስደን ነበር፤ ግን ይጣፍጣል። እዚያ ቤት ማንም «እርስዎ» አይባልም፤ ትልቁም ትንሹም «አንቺ» ነው፤ ንቀት የለበትም።

ረቡዕ የዘመቻው ቢሮ ወደሚገኝበት ከዚራ ወደሚባለው ሰፈር ልሻገር ስል ድልድዩ ላይ ሰው ተኮልኩሎ አገኘሁ። ከተማው ላይ ጠብታ አልወረደም፤ ሰማዩ የጠራ ነው። ትናንት ፍየል የተኛበት አሸዋ ላይ ግን ቡናማ ውኃ እያጓራ ይወርዳል፤ ላይ ተራራው ላይ ዘንቧል ማለት ነው። ከጎኔ የቆመ ሽማግሌ «ደቻቱ እንግዳ ነው፣ ሳይጠራ ይመጣል» አለኝ። እኔ ያየሁት አፈሩን ነው። የዚያ ሁሉ ገበሬ ማሳ ተበጥብጦ ሲያልፍ እያየሁ፣ በዚህ ዝናብ ዳገት ላይ መንደር ሊተክሉ ነው ብዬ አሰብኩ።

ቢሮ ውስጥ የጠበቀኝ ጓድ ጌታሁን ይባላል፤ የዘመቻው አስተባባሪ ነው። ፊቱ የተላጨ፣ ሸሚዙ የተተኮሰ፣ ንግግሩ እንደ ስብሰባ የሆነ ሰው ነው። ሻይ አዘዘልኝና ነገሩን አስረዳኝ። ከቢዮ አዋሌ ወዲያ ዳገቱ መሀል ላይ ሰፊ ሜዳ አግኝተዋል። በዚያ ተራራማ አገር እንዲህ ያለ ሜዳ በስለት የሚገኝ ነው። ገመድ ዘርግተው ለቤቶቹ ችካል መቱ፤ መስመሩም ቀጥ ያለ ነበር። ዝናብ ጥሎ ሲመለሱ መስመሩ ጎብጦ አገኙት። መሀል ላይ ያሉት ችካሎች ወደ ቁልቁለቱ ወርደዋል።

«አሻጥር ነው» አለ ጓድ ጌታሁን። «ችካሉን እንዲጠብቅ የመደብነው ገበሬ ራሱ ነው የነቀለው። መንደር መግባት ያልፈለገ ሰው ነው። አስረነዋል፤ አላመነም። መሬቱ ስምጥ ሸለቆው በተፈጠረ ጊዜ ተንቀሳቅሶ ያበቃ ነው፤ ይህን አንድ ባለሙያ ቀደም ብሎ ነግሮናል። አንቺ መሬቱ ጤነኛ መሆኑን መስክሪልን፤ ከዚያ ሰውየው ወደ በላይ አካል ይተላለፋል።»

ያኔ ገባኝ። የጠሩኝ በሰው ላይ ለማስመስከር ነው። በዚህ ዘመን «በአሻጥር» ወደ በላይ አካል የተላለፈ ሰው እንዴት እንደሚመለስ፣ ያውም ከተመለሰ፣ እናንተም ታውቃላችሁ። ሻዩን ሳልጠጣ «መጀመሪያ ልየው» ብዬ ተነሳሁ።

ሐሙስ በጂፕ ወጣን። ከቢዮ አዋሌ ወዲያ መንገዱ ጭቃ ብቻ ነው። ጂፑን ልንገፋ ወርደን አንድ እግር ጫማዬን ጭቃው ዋጠው፤ ሹፌሩ እስከ ክርኑ ገብቶ ቢፈልገው አጣው። እንደዚያው በአንድ እግር ካልሲ ሜዳው ላይ ወጣሁ። ገና ሳየው አወቅሁት። ሜዳው ሜዳ አይደለም፤ ወደ ተራራው ዘመም ብሏል፣ ጀርባው ላይ ውኃ ተኝቷል። ግራሮቹ ከሥራቸው ጎብጠው ቀና ብለዋል። የአክስታችንን በር ታስታውሳላችሁ? በየክረምቱ አልዘጋ እያለ አናጢ እየተጠራ የሚላገው? በሩ አይደለም የሚያብጠው፤ ቤቱ ነው ወደ ታች የሚሄደው። ይኸኛው ሜዳ ደግሞ እንዳለ እየሄደ ያለ የዳገት ቁራጭ ነው።

ችካሎቹን አንድ በአንድ ነካካሁ። ሰው ችካል ነቅሎ ሲተክል ጉድጓዱ ይላላል፣ አፈሩ ይታወካል። እነዚህ ግን መጀመሪያ በተመቱበት ጉድጓድ ጥብቅ ብለው ቆመዋል። በምሥራቅ በኩል ጫፍ ላይ ያሉት ነጭ ድንጋይ ያለበት ጉብታ ላይ ስለሆኑ ንቅንቅ አላሉም። የምዕራቡም ጫፍ እንዲሁ። ከጫፎቹ ወደ መሀል ስትመጡ ግን መስመሩ እንደ ደጋን ይለጠጣል። የትኛው ሌባ ነው እንዲህ አስተካክሎ የሚሰርቀው?

ጉድጓድ ማስቆፈር ነበረብኝ። ጓድ ጌታሁን ለቁፋሮ የሰጠኝ ሰው ማን ቢሆን ጥሩ ነው? እስረኛውን። ከገበሬ ማኅበሩ መጋዘን አውጥተው፣ ጠመንጃ የያዘ ጠባቂ ከኋላው አድርገው፣ አካፋ አስይዘው አመጡት። ኦቦ ሙሜ ይባላል፤ ኦቦ ኦሮሞዎች ለአቶ የሚሉት ነው። ሽበቱ ገና የጀመረው፣ ሽርጥ የታጠቀ፣ ዝምተኛ ሰው። እግሬን አየና የራሱን የጎማ ጫማ አውልቆ «አድርጊ፣ እሾህ አለ» አለኝ። የታሰረ ሰው ጫማ ሰጠኝ፤ ያሰሩት ሰዎች ጂፑ ውስጥ ተቀምጠው ያያሉ። ማልቀስ ሲገባኝ ተሳደብኩ።

ከሜዳው ግርጌ ቆፈረ። ጉድጓዱ እስከ ወገቡ ሲደርስ የጉድጓዱ ግድግዳ ላይ የፈለግሁት ታየ። ቀይ ሸክላ፣ አሸዋ፣ እንደገና ሸክላ፤ ንብርብሩ ግን ቀጥ ብሎ አልተኛም፤ ታጥፎ፣ ተጨማዶ፣ አንዱ በአንዱ ላይ ወጥቷል። የተማርኩበት አገር የበረዶ አገር ነበር፤ እዚያ የበረዶ ግግር ሲገፋው እንዲህ የተጨማደደ ሸክላ አሳይተውናል፣ ሊጥ በክንድ እንደተገፋ። ንብርብር የሚያጥፉት ጉልበተኞች ብዙ አይደሉም። በረዶ ድሬዳዋን አያውቃትም። ሁለተኛው ከመሬት ሆድ የሚመጣው ኃይል ነው፤ ከሩቅ የሚታየውን ያን ገደል ሁሉ የሰበረው እሱ ነው፤ አዎ፣ ጓድ ጌታሁን እንዳለው ሥራው የጥንት ነው። ሦስተኛው ራሱ ቁልቁለቱ ነው፤ ውኃ የጠጣ አፈር በራሱ ክብደት ሲወርድ ግርጌው ላይ ይጨማደዳል። ይህ የጥንት ነው ወይስ የአሁን? ጥያቄው ይኸው ብቻ ነበር።

መልሱን ያወጣው የኦቦ ሙሜ አካፋ ነው። ከእጥፋቱ መሀል፣ በሸክላው ተጠቅልሎ፣ አረንጓዴ የላስቲክ ጫማ ማሰሪያ ብቅ አለ። ስምጥ ሸለቆው ሲሰበር የላስቲክ ጫማ የሚያደርግ ሰው አልነበረም። ሳቅሁ፤ ከሰኞ ጀምሮ የመጀመሪያዬ ነው። ኦቦ ሙሜ ግን አልሳቀም። አካፋውን ተደግፎ ንብርብሩን አየው።

«ይሄ ሁሉ እየሄደ ነው?»

«እየሄደ ነው። ዘንድሮ ወይ ከርሞ አንዴ ይወርዳል።»

«የማይሄደውስ የቱ ነው?»

ጉብታውን አሳየሁት። ከመጨረሻው ችካል ጀምሮ ያለው ነጭ ድንጋይ ከተራራው ጋር አንድ ነው፤ እሱ አይሄድም፤ ቤት ቢሠራበት ይቆማል አልኩት። «እዚያ ፍየል እንኳ አትቆይም» አለ። ከዚያ ቁፋሮውን ቀጠለ። ማታ መጋላ ስገባ ኢዶ ሐዋ እግሬ ላይ ያለውን የወንድ ጫማ አይታ ከሱቋ ሸራ ጫማ አወጣችልኝ፤ የጎማውን ደግሞ አጥባ ለባለቤቱ እንድመልስ በጋዜጣ ጠቀለለችው።

ዓርብ ጓድ ጌታሁንን ጉድጓዱ ዳር አቆምኩት። እጥፋቱን አሳየሁት፣ ችካሎቹ እንዳልተነቀሉ አሳየሁት፣ ማሰሪያውን አሳየሁት። ሲያዳምጥ ቆየና «ጓድ፣ መሬት አሻጥር አይሠራም። አሻጥር የሚሠራው ሰው ነው» አለ።

«መሬቱ እኮ አሻጥር አልሠራም፤ ወረደ እንጂ!»

«ማሰሪያውን ሰው ቢያስገባውስ?»

«ማን? እኔ?»

«አላልኩም።»

ነገሩ ግልጽ ነው። ሜዳውን የመረጠው እሱ ነው። መሬቱ ከተንቀሳቀሰ ጥፋቱ የእሱ ነው፤ ሰው ከነቀለ ግን የሰው ነው። አህያውን ፈርቶ ዳውላውን ማለት ይኸ ነው። ጮህኩበት፤ ሹፌሩ እስኪርቅ ድረስ ጮህኩበት። እሱ አልጮኸም። ቀስ ብሎ አዲስ ነገር አመጣ። ነገ ስብሰባ አለ፤ ሰውየው በሕዝብ ፊት ቆሞ «ነቅያለሁ» ብሎ ራሱን ሂስ ካደረገ፣ አብዮቱ መሐሪ ነው፣ ወደ ቤቱ ይገባል። ካላመነ ግን እሑድ ይተላለፋል። «የአንቺንም አስተያየት ወደፊት እናየዋለን» አለኝ።

መጋዘኑ በር ላይ ኦቦ ሙሜን አገኘሁት። ሚስቱ ምግብ አምጥታለት አብራው ተቀምጣለች። ጫማውን እየመለስኩ «እንዳያምኑላቸው» አልኩት፤ «እርስዎ ካመኑ ማስረጃዬ ሁሉ ገደል ገባ፤ ሕዝቡም እዚያ ሜዳ ላይ ይሰፍራል።» ሚስቱ ዓይኗን አፍጥጣ አየችኝ። እሱ ግን «ልጆች አሉኝ» አለ። ተናደድኩበት። እውነቴን ነው የምላችሁ፣ በዚያች ሰዓት ከጓድ ጌታሁን ይልቅ በእሱ ተናደድኩ። ማታ ለኢዶ ሐዋ ስነግራት «አንቺ ባቡር ትሳፈሪያለሽ፣ እሱ ይቀራል» አለችኝና ሻይ ቀዳችልኝ።

ቅዳሜ ስብሰባው ከሜዳው በታች ትልቅ ሾላ ሥር ሆነ። ሕዝቡ ሴትና ወንድ ለየብቻ መሬት ላይ ተቀምጧል፤ ለኛ ወንበር ነበረ። መፈክር ተባለ፣ ንግግር ተደረገ፣ ከዚያ ኦቦ ሙሜ ተጠራ። ተነሳና ጥርት ባለ ድምፅ «ችካሉን እኔ ነቀልኩ» አለ። ወንበሬን የኋሊት ገፍቼ ልነሳ ስል ጓድ ጌታሁን ክንዴን ያዘኝ።

«ጥፋትህን አምነሃል። ቅጣትህን ራስህ ተናገር» አለው። እንዲህ ነው ልማዳቸው፤ ሰውን አስረው ገመዱንም እንዲመርጥ ይጠይቁታል።

«ጓድ፣ ጥሩው ሜዳ ለኔ አይገባም። ሜዳው ለታማኝ ሰው ይሁን። እኔን ከመጨረሻው ችካል ወዲያ፣ እዚያ ነጩ ድንጋይ ላይ ጣለኝ። ፍየል እንኳ አይወደውም። እዚያ እየኖርኩ ጥፋቴን አስባለሁ።»

ጓድ ጌታሁን አጨበጨበ፤ ሕዝቡም አጨበጨበ። ጭብጨባው ሳያልቅ ከሴቶቹ በኩል አንዲት አሮጊት ተነሳች። «እኔም ነቅያለሁ» አለች።

«አንቺ ደግሞ መቼ ነቀልሽ?»

«ሴት ችካል አትነቅልም ያለ ማነው? ሴትና ወንድ እኩል ነው አላልክም? እኔንም ድንጋዩ ላይ ጣለኝ።»

ከዚያ አንድ ጎልማሳ ተነሳ፤ እሱም ነቅሏል። ወንድሙ ተነሳ። የገበሬ ማኅበሩ ሊቀመንበር ራሱ ተነሳ፤ «ወላሂ፣ ገመዱን የያዝኩት እኔ ነኝ» አለ። ከዚያ በኋላ ማን እንደተናገረ መለየት አልተቻለም፤ ሾላው ሥር የነበረው ሰው ሁሉ ቆሞ «እኔም፣ እኔም» ይላል። ከነዚያ ችካሎች የነቃዩ ቁጥር በለጠ። ጓድ ጌታሁንን ዞሬ አየሁት። አንገትጌው በላብ ረጥቧል። አንድ አሻጥረኛ መያዝ ያሾማል፤ መንደሩ በሙሉ አሻጥረኛ ነው ብሎ ወደ ላይ መናገር ግን «አንተ ታዲያ ምን ትሠራ ነበር?» ያስብላል። ቆመና ጉሮሮውን ጠርጎ ሰፊው ሕዝብ ራሱን መክሰሱን፣ አብዮቱም ይቅር ማለቱን፣ ለትምህርት ይሆን ዘንድ መንደሩ ድንጋዩ ላይ እንዲሠራ፣ ሜዳው የግጦሽ መሬት እንዲሆን መወሰኑን ተናገረ። እንደዚያ ያለ ጭብጨባ በሕይወቴ ሰምቼ አላውቅም።

ሰው ሲበተን ኦቦ ሙሜን ያዝኩት። «መቼ ተነጋገራችሁ?»

«እኔ ለሚስቴ ነገርኩ። ለእሷ ከነገርክ አገር ሰማ ማለት ነው» አለና ሳቀ። «አንቺ የማይሄደው ይሄ ነው አልሽ። የሰማሁትን ነገርኩ።»

«ግን ውሸት ነው። ችካሉን አልነቀሉም።»

«አቦ፣ ውሸቱ የሱ ነው። ድንጋዩ የኛ።»

ጂፑ ውስጥ ጓድ ጌታሁን ሲጋራ ለኩሶ «አየሽ ጓድ» አለኝ፤ «ሰውን ከያዝሽው መሬቱ አያስቸግርም።» ከንፈሬን ነከስኩ። አንድ ቃል ብናገር ያ ሁሉ ሕዝብ የሠራውን አፈርሰው ነበር። ከጉዞው ሁሉ የከበደኝ ያ ዝምታ ነው።

እሑድ ኢዶ ሐዋ ሙሸበክ የሚሉትን ጣፋጭ በላስቲክ ጠቅልላ ጣቢያ ድረስ ሸኘችኝ። እኔም ወደ እናንተ መጥቼ «ደህና ነበር» አልኩ።

ሰሞኑን ወደ አዲስ አበባ የመጣ የኢዶ ሐዋ ዘመድ ወሬ አምጥቶልኛል። ሜዳው ወርዷል፤ ከነግራሮቹ፣ ከነችካሎቹ ተሰንጥቆ ሸለቆው ውስጥ ተኝቷል። ድንጋዩ ላይ ያሉት ቤቶች አንድም አልተነኩ። ጓድ ጌታሁን ቦታውን አርቆ አስቦ መረጠ ተብሎ ተሹሟል። መንደሩ ግን በባለሥልጣን አፍ እስከ ዛሬ የአሻጥረኞች መንደር ነው፤ ስኳር ሲታደል መጨረሻ ይጠራል፤ ኦቦ ሙሜም ሲያልፍ ሲያገድም «ችካል ነቃዩ» ይባላል። እሱ ይስቃል አሉኝ። እኔ አልስቅም። የመሬቱን ጠባይ አጣርተሽ ተመለሺ ተብዬ የተላክሁት እኔ ነኝ፤ እስካሁን ያጣራሁትን የጠየቀኝ የለም። ለእናንተ ልንገራችሁ። አልነቀለም።